የአቶ ሉልሰገድ መወልወያ ጨርቅ

እሸቴ ሉልሰገድ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ውሃ ሲያሳድድ ኖረ። የቧንቧ ውሃ ማለቴ አይደለም፤ ያንንማ የአራዳ ሰው ሁሉ ጄሪካን ይዞ ሲያሳድድ ይውላል፣ ጡረታም የሚያስከብርለት የለም። እሸቴ የሚያሳድደው በኬሚካል ጠርሙስ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠውን፣ ዓይን የማያየውን እርጥበት ነው። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ሆኖ ተቀጠረና ፈሳሹን እያፈላ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዘ፣ ጠብታውን በንጹሕ ጠርሙስ እየተቀበለ ዕድሜው ሄደ። በሱ እጅ የጠራው ፈሳሽ ስንቱን ዶክተር አድርጓል። የሱ ስም ግን የሚመጣው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ፣ ምስጋና በሚባለው ገጽ፣ ከጸሐፊዋና ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል ነው። ቅር እንደማይለው ይናገራል። ይሁን እንጂ ያንን ገጽ ባገኘ ቁጥር ፎቶ እያነሳ ስልኩ ውስጥ እንደሚያኖረው ሚስቱ የሺዓለም ታውቃለች።

የተወለደው ሠራተኛ ሰፈር ነው። አባቱ አቶ ሉልሰገድ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። በዚያን ዘመን ፒያሳ ወርቅ ቤቶች መስኮት ላይ ከተደረደረው ቀለበት የሳቸው እጅ ያላረፈበት ጥቂት ነበር፤ ስማቸው ግን በየትኛውም መስኮት ላይ አልተጻፈም። ቀን ቀለበታቸውን አጥልቆ የሚንጎራደድ ሰው ማታ በሐሜት «ቡዳ» ይላቸዋል። እናቱ እየደጋገመች የምታወራው አንድ ታሪክ ነበር። አቶ ሉልሰገድ ለሙሽራ ቀለበት ሠርተው ካስረከቡ በኋላ ብየዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ መቅረቷ ታወሳቸው። ማንም አያያትም። እሳቸው ግን በሠርጉ ዋዜማ እስከ ስድስት ኪሎ በእግራቸው ወጥተው ቀለበቱን መልሱልኝ አሉ፤ በር ላይ የተቀበላቸው ሰው «ይሄ ቡዳ ደግሞ ምን ሊያሟርት መጣ» አላቸው። ስድባቸውን ጠጥተው ቀለበቱን ወሰዱ፣ አስተካክለውም መለሱ። «ታዲያ ምን አተረፈ?» ብላ ትጨርሰዋለች እናቱ፣ በንዴት ይሁን በኩራት ሳይለይ።

እሸቴ ከታሪኩ የያዘው ስድቡን ነበር። ሙያው ወደሱ እንዳይመጣ በትምህርት ሸሸ፣ የኬሚስትሪ ዲፕሎማ ያዘ። ከሸሹት ነገር ማምለጥ ግን የዋዛ አይደለም። ቤተ ሙከራ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የፕላቲኒየም ሽቦና የመስታወት ቱቦ አምጥተው፣ ይህንን በእሳት አጣብቅልን አሉት። ከአባቱ ወናፍ አጠገብ ያደገ እጅ ነውና ሳይጠይቅ አወቀው። የሠራው ነገር ኤሌክትሮድ ይባላል፤ በፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ የሚያስገባና የሚያስወጣ የብረት ጫፍ ነው፣ ፊቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ከውጭ የሚመጣው በተሰበረ ቁጥር ምትክ መጠበቅ ዓመት ስለሚፈጅ፣ ውሎ አድሮ የቤተ ሙከራው ኤሌክትሮዶች ሁሉ የእሸቴ እጅ ሥራ ሆኑ። ፊታቸውንም ከሱ በቀር የሚወለውለው የለም። ተማሪዎች እየፋቁ ቢያበላሹበት ደንብ አወጣ፦ ማታ ለሱ ያስረክባሉ፣ ጠዋት ከሱ ይረከባሉ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር አጽብሐ እንኳ ይህንን ደንብ ጥሰው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ሰፈሩ ለመንገድ ተነሣ። እሸቴና የሺዓለም ሁለት ታክሲ ከሚያስይዝ ኮንዶሚኒየም ገቡ። የአባቱ መሥሪያ ጠረጴዛ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ስለነበር ከግድግዳው ጋር ፈረሰ። ከመሳቢያው ውስጥ ያወጣት አንዲት ነገር የአባቱ መወልወያ ጨርቅ ናት፤ ተጣጥፋ የተሰፋች፣ ከምን እንደተቀደደች የማትታወቅ፣ በስንት ዓመት ውልወላ የጠቆረች። አቶ ሉልሰገድ የሠሩትን ዕቃ ከማስረከባቸው በፊት በጧፍ ሰም ይዳብሱትና በዚች ጨርቅ ይወለውሉት ነበር። ሳይበራ ከቤቴ አይወጣም የሚል ሕግ ነበራቸው። እሸቴ ጨርቋን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠባት፣ አሰጣት፣ ቤተ ሙከራ ወስዶም ከመሣሪያዎቹ ጋር አኖራት። ኤሌክትሮዶቹን እንደ ወትሮው በነጩ የመፈተጊያ ዱቄት ከፈተገ በኋላ የመጨረሻዋን ውልወላ በሷ ማድረግ ጀመረ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ ናፍቆት ነው። ሰምና ወርቅ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይተወኝ፤ እዚህ ሰሙ ሰም ነው፣ ወርቅም የለም።

የዚያን ክረምት ከእሸቴ ጋር የምትሠራው ሕብረት የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ አባቷ መምህር ናቸው። እሱ በፍልሰታ ጾም ሽሮውን ሲፈታ እሷ ክትፎዋን አጠገቡ ትከፍትና፣ ጋሽ እሸቴ ሽታው ይጾማል ወይ እያለች ታበሽቀዋለች። እሱም የሷን ረጅም ጸሎት ከመሣሪያው መሞቂያ ጊዜ ጋር እያነጻጸረ ይመልስላታል። ልጅ አልወለደም፤ ሕብረትን እንደ ልጅ ይወዳት ነበር፣ ይህንንም ሳይደብቅ ይናገራል።

የምታጠናው ፉለሪን ነው። ስድሳ የካርቦን አቶሞች እንደ እግር ኳስ ቆዳ ተገጣጥመው የሚሠሯት ኳስ ናት፤ በጣም ከማነሷ የተነሣ ለሰው የምትታየው እንደ ጥላሸት ዱቄት ሆና ነው። ቶሉዊን በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ ስትሟሟ ግን ጥላሸቱ ወይን ጠጅ ይሆናል። እሸቴ ይህንን ስንት ጊዜ አይቶ አልጠገበውም። ይህች ኳስ ኤሌክትሮን ስትቀበል እንግዳ የማይከብዳት ቤት ናት፤ አንድ በአንድ እስከ ስድስት ድረስ ታስገባለች። ይህንን መቀበል ሊቃውንቱ ሪዳክሽን ይሉታል። የሕብረት ጥያቄ፣ ኳሷ የምትሟሟበት ፈሳሽ፣ ማለትም አሟሚው፣ ሲለወጥ አቀባበሏ ምን ይሆናል የሚል ነው። መሣሪያው የኤሌክትሪኩን ግፊት ከፍ ዝቅ እያደረገ መስመር ይስላል፤ ኤሌክትሮኑ ሲገባ አንድ ጉብታ፣ ሲወጣ አንድ ጉብታ። ሁለቱ ጉብታዎች ከተቀራረቡ ኤሌክትሮኑ ሳያመነታ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው። ከተራራቁ አመንትቷል።

አራት አሟሚ ወሰደች። ሦስቱ በሌላ አገርም የተሞከሩ ናቸው፣ ውጤታቸውም እንደተጠበቀው ጥርት ብሎ መጣ። አራተኛው የራሷ ድብልቅ ነበር፤ ብዙ ዲኤምኤፍ የሚባል ፈሳሽ፣ ጥቂት ቶሉዊን፣ በዚያ መጠን ማንም ያልሞከረው። በሱ ውስጥ ጉብታዎቹ ተራራቁ። አሥር ጊዜ ደገመችው፣ አሥር ጊዜ ተራራቁ። ለማመሳከሪያ የጨመረችው ሌላ ውሁድም አብሮ አመነታ። ሁለቱም ካመነቱ ምክንያቱ አሟሚው ነው ተባለ፣ የሚቃወም አልተገኘም። ዶክተር አጽብሐ ደስ አላቸው፤ አዲስ ነገር በየቀኑ አይገኝም። ምዕራፍ አራት በዚሁ ተጻፈ፣ የጠቅላላው ጽሑፍ ርዕስም ከምዕራፍ አራት ተወሰደ። ጥናቱን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን ለጥቅምት ተቆረጠ። እሸቴም ጡረታ የሚወጣው በዚያው ወር መጨረሻ ነበር። ሕብረት የምስጋናውን ገጽ ከማንም በፊት አምጥታ አሳየችው፤ ስሙ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። «የጋሽ እሸቴ እጅ ባይኖር ይህ ሥራ አይኖርም ነበር» ይላል። ፎቶውን ሁለት ጊዜ አነሣው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይኼኛው ጉድ ከመስከረም ሁለት ሳምንት ዘገየ። እሸቴ ለተተኪው የሚያስረክበውን ቁም ሣጥን ሲያስተካክል ከጠርሙስ አፍ ጥቂት ቶሉዊን ጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። እጁ የደረሰበት የአባቱ ጨርቅ ነበርና በሷ ጠረገው። ቶሉዊን ቶሎ ይተናል። ዞር ብሎ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ነጣ ያለ ቀለበት ደርቆ አገኘ። በጥፍሩ ፋቀው፣ በሁለት ጣቱ አሸው፣ አሸተተው። በልጅነቱ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከእናቱ ጎን ቆሞ ያሸተተው የጧፍ ሽታ ነበር።

ኤሌክትሮዱን አንሥቶ ፊቱ ላይ ተነፈሰበት። ይህ የአባቱ መፈተኛ ነው፤ ንጹሕ ብረት ላይ ያረፈ ትንፋሽ እኩል ይጠፋል። ይኼኛው ላይ ግን ጉሙ እየተቆራረጠ፣ ቦታ ቦታ እየያዘ ቀረ። ሁለት ትንንሽ ብርጭቆ አቀረበ፣ በአንዱ ቶሉዊን፣ በሌላው የሕብረትን ድብልቅ ቀዳ፣ የጨርቋን ሁለት ጫፍ ነከረባቸው። ቆይቶ ከየብርጭቆው ጠብታ መስታወት ላይ አደረቀ። የቶሉዊኑ ጠብታ ሰም ተወ፣ የድብልቁ ምንም አልተወም። ነገሩ ሁሉ እዚያው መስታወት ላይ ተገለጠለት። ሦስቱ አሟሚዎች እንደ ቶሉዊኑ ኤሌክትሮዱ ላይ የቀረውን ስስ ሰም አጥበው ስለሚያነሡ ውጤታቸው ጥርት ብሎ መጣ። የሷ ድብልቅ ሰሙን አያነሣውም። ኤሌክትሮኑን በር ላይ ያቆመው አሟሚው አይደለም፤ የአቶ ሉልሰገድ ጧፍ ነው።

እሸቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በመጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎም ፈራ። ስለ ውሃ ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው፣ ሌላው ሲያጠፋ የሚቆጣ ሰው፣ ተማሪ እንዳይነካ ደንብ ያወጣበትን ዕቃ በገዛ እጁ ሲቀባ ከረመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለሱ ነው።

ማታ ለየሺዓለም ሁሉንም ነገራት። የሺዓለም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዝም አይነቅዝም አለችው። ልጅቷ አምስት ዓመት ለፍታለች፣ አሁን ብትነግራት ታስጨንቃት እንደሆነ እንጂ አትረዳት፤ አንተም ስምህን ሳታጎድፍ ስድስት ሳምንት ቁጠርና ውጣ ብላ መከረችው። ስህተቱን በቅርቡ ማንም እንደማያገኘው እሱም ያውቃል። ጨርቋን ቢጥላት ምስክር የለም። አልጋው ላይ ተጋድሞ ሳለ በሐሳቡ የመጡበት ስድስት ኪሎ በር ላይ የቆሙት አባቱ ናቸው። በስንት ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከስድቡ ይልቅ ቀለበቱን አሰበ።

በማግሥቱ ሕብረትን ያገኛት ስድስት ኪሎ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ አንዱ ውስጥ ነው። ስድስት ቅጂ አሳትማ የጥረዛውን የሽፋን ቀለም እየመረጠች ነበር። ስታየው ደስ ብሏት፣ ሰማያዊ ይሻላል ወይስ ቀይ ብላ ጠየቀችው።

«አታስጠርዢው» አላት።

ፈገግታዋ እንዳለ፣ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ምዕራፍ አራት የአሟሚው ሥራ አይደለም። የኔ ነው።» ከዚያ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ጨርቋን፣ ጧፉን፣ መስታወቱ ላይ የቀረውን። አንድም ነገር አላሳነሰም፣ ይቅርታም ቶሎ አልጠየቀም፣ መጀመሪያ እንዲገባት ፈልጎ። የኮፒ ማሽኑ እየሠራ ነበር። ሕብረት ወረቀቶቿን በደረቷ አቅፋ ሰማችው፣ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ።

«ባይነግሩኝ ማን ያውቅ ነበር?» አለችው በመጨረሻ። ድምፅዋ ቁጣም ልመናም ነበረበት።

«አንድ ቀን ሌላ ሰው ይለካዋል፣ ልጄ። ያን ጊዜ ተሳሳተች የሚሉት አንቺን ነው። የኔ ስም የትም የለም።»

ሳትሰናበተው ወጥታ ሄደች። ሦስት ቀን ቤተ ሙከራ አልመጣችም፣ ስልክም አላነሳችም። እሸቴ በነዚያ ሦስት ቀናት የሠራው ቢኖር ኤሌክትሮዶቹን በአሲድ ቀቅሎ እንደገና መፈተግ ነው። ልጁን እንዳጣት ቆጥሮ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች። ሰላም ካለችው በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጨርቋን አልጣሏትም አይደል? አልጣላትም። ዲኤምኤፉ ከጠርሙሱ ግርጌ የቀረ ብቻ ነበር፤ ሌላ ማስመጣት ስድስት ወር ይፈጃል። ከተበላሸ ሁለተኛ ዕድል የለም። እሸቴ በሠላሳ አራት ዓመት እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ ፈሳሽ አጥርቶ አያውቅም። መጀመሪያ በንጹሑ ኤሌክትሮድ ለካች፤ ሁለቱ ጉብታዎች ተቀራርበው ቁጭ አሉ። ከዚያ ኤሌክትሮዱን በጨርቋ ወልውላ ደገመች፤ ተራራቁ። አጠበችው፣ ተቀራረቡ። ወለወለችው፣ ተራራቁ። በሰባተኛው ላይ ሕብረት ሳቀች፣ ወዲያውም አለቀሰች፤ እሸቴ የትኛውን እንደሚያጽናና ጠፋው።

ዶክተር አጽብሐ ነገሩን ሰምተው መነጽራቸውን ጠርገው የተሳሉትን መስመሮች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ምዕራፍ አራት እንደገና እንዲጻፍ፣ ርዕሱ እንዲለወጥ፣ ቀኑም ወደ ታኅሣሥ እንዲሻገር ወሰኑ። የሕብረት አዲስ ግኝት ሞተ፤ በምትኩ የተጻፈው፣ ዓይን የማያየው ሰም እንዴት የአሟሚን ሥራ መስሎ እንደሚያታልል የሚያስረዳ ምዕራፍ ነው። ሰሙ ምን ሰም እንደሆነ በመሣሪያ መረጋገጥ ነበረበት። ሕብረት የጨርቋ ጫፍ ትበቃኛለች አለች፣ ከአባቱ ቤት የተረፈችው ያቺው ብቻ መሆኗን ታውቃለችና። እሸቴ እጄን አላምነውም አለ፤ ናፍቆት ካለ ነገም በሷ ይወለውላል፣ ሰሙ ሁሉ ይውጣላት። ጨርቋን እንዳለች ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ አስገብቶ ቶሉዊን አፈሰሰባት።

ሁለት ጊዜ ፈሳሹን ለወጠላት። ጠዋት ሲያወጣት ጥቁረቷ ለቆ ነጥታ ነበር፣ ከአንዱ ጠርዟም ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ብቅ አለ። የነጠላ ጥለት ነው። እናቱ ከሌላ ነጠላ ጋር የማትለዋውጠው፣ በኋላ አረጀ ተብሎ የተረሳው ነጠላዋ። አባቱ ስንት ዓመት ሙሉ ወርቅ የወለወሉት በሷ ነጠላ መሆኑን እሸቴ ያወቀው ያን ጠዋት ነው። ስለ አባቱ ጧፍ ሊያዝን የተዘጋጀው ልቡ ዕረፍት አገኘ፤ ጨርቋን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዘርግቶ እስክትደርቅ አጠገቧ ቆመ።

በታኅሣሥ፣ ጡረታ ከወጣ ከአንድ ወር በላይ ሲሆነው፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከየሺዓለም ጋር መጣና አዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሕብረት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጠየቀች፣ መለሰች። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሽማግሌ ፈታኝ ምዕራፍ አራትን ገልጠው፣ ሰም ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ሰው የለም፣ ይህንን እንዴት ደረሳችሁበት ሲሉ ጠየቁ።

ሕብረት ወደ ኋላ አመለከተች። «ስህተቱን ያገኙት ጋሽ እሸቴ ናቸው» አለች። «እዚያ ተቀምጠዋል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፣ ጭብጨባም ተጀመረ። ምስጋናው በቂ ነበር፤ የሺዓለምም እንዳይነሣ ኮቱን ይዛ ነበር። እሸቴ ግን ተነሣ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። የወለወልኩበት ጨርቅ የአባቴ ነው። አቶ ሉልሰገድ ይባላሉ፤ እዚሁ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበሩ።»

ጭብጨባው ቆመ። ፈታኙ እስክሪብቷቸውን አንሥተው፣ የአባትዎን ስም ይድገሙልኝ አሉት። እሸቴ ደገመው፣ ጽፈው እስኪጨርሱም ቆሞ ጠበቀ።